አልፋ ብሎከርና የመጀመሪያው ሌሊት
(በለገሃር አካባቢ ለዕድር አባላት የቀረበ ዲስኩር)

 

የዕድሩ ኃላፊዎች ሲጋብዙኝ «ስለ ደም ብዛት ትምህርት ስጡን» ነበር ያሉኝ። ርእሱ ሰፊ ነው። ጨው ቀንሱ፣ ጮማ አታብዙ፣ በእግር ሂዱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ የሚለውን ምክር ከጤና ጣቢያም ከሬዲዮም ደጋግማችሁ ሰምታችሁታል። ትክክለኛ ምክር ነው፤ ዛሬ ግን እሱን አልደግምባችሁም። ብዙ ስለማይወራለት አንድ የመድኃኒት ቤተሰብ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። አልፋ ብሎከር ይባላል። የቤተሰቡን አባላት ስም ልጥራላችሁና በጆሯችሁ ያዙልኝ፦ ፕራዞሲን፣ ዶክሳዞሲን፣ ቴራዞሲን። ታምሱሎሲንና አልፉዞሲን የሚባሉ ዘመዶችም አሏቸው፤ እነዚህ ሁለቱ የሚታዘዙት ለግፊት ሳይሆን ለፕሮስቴት ነው።

እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ ተቀብዬ መድኃኒቱን የምሰጥ፣ አወሳሰዱን የማስረዳ ሰው ነኝ። ይህን ርእስ የመረጥኩት ከፊቴ የተቀመጣችሁትን አይቼ ነው። በዚህ አዳራሽ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አባቶች አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ይዘው የሚውሉ የታክሲ ሾፌሮች አሉ። ልጅ ወልደው ያሳደጉ፣ ዛሬም ሱቅ የሚያዩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ እናቶች አሉ። በ2007 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነ ኢትዮጵያውያን መካከል ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከስድስት ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ይጨምራል። ወንድ ልጅ 60 ዓመት ሲያልፍ ደግሞ የፕሮስቴት ችግር ይከተላል። አልፋ ብሎከር ሁለቱንም በሽታዎች ስለሚነካ፣ «ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው መድኃኒቱን ሳያውቀው በሌላ በር፣ በፕሮስቴቱ ሕክምና በኩል፣ ሊያገኘው ይችላል።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ አሁን እነግራችኋለሁ፣ እየደጋገምኩም አነሣዋለሁ። ይህ መድኃኒት ሰውን የሚጥለው ሰውየው ሲቆም ነው፤ ይበልጡንም በመጀመሪያው ቀን። ያ የመጀመሪያ ቀን ደግሞ አንዴ መጥቶ የሚቀር አይደለም። መድኃኒቱ በተቋረጠ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

መጀመሪያ መድኃኒቱ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። የደም ሥሮቻችን ግድግዳ ጡንቻ አለው። ጡንቻው ሲኮማተር ደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ጡንቻው ሲላላ ደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ተኮማተር ብሎ የሚያዘው ከነርቭ የሚለቀቅ ኖርአድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚቀበሉት በጡንቻው ላይ ያሉ አልፋ የሚባሉ ተቀባዮች ናቸው። መድኃኒቱ እነዚህን ተቀባዮች ይዘጋቸዋል። ትእዛዙ ቢመጣም ሰሚ ያጣል፤ ደም ሥሩ እንደላላ ይቆያል። እንዲህ ያሉ ተቀባዮች በፕሮስቴትና በፊኛ አንገት ላይም ስላሉ፣ ሽንት አልወርድ ያላቸውን አባቶች ያሽላል።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። አሁን ወደ መቆሙ ልምጣ። ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ይህ በሁላችንም ላይ በየዕለቱ ይደርሳል፤ ግን አናውቀውም። ሰውነታችን በሰከንዶች ውስጥ ኖርአድሬናሊን ለቅቆ የታችኞቹን ደም ሥሮች ያጠብባል፣ ደሙን ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ይመልሳል። አልፋ ብሎከር የሚዘጋው ልክ ይህንን መንገድ ነው። ስለዚህ ተቀምጦ ሲለካ ጥሩ የነበረ ግፊት ሲቆም ያሽቆለቁላል። ሰውየው ዓይኑ ይጨልማል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ሰውነት ከጥቂት ቀናት በኋላ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሌሎቹ ሁሉ የሚከፉት ለዚህ ነው።

ይህ ነገር የታወቀው በሰው ጉዳት ነው። ፕራዞሲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የመጀመሪያዋን ክኒን ውጠው የሚወድቁ ሕሙማን ታዩ። 2 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከጀመሩት ውስጥ ከመቶው አንዱ ያህል ራሱን ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። ፕራዞሲን በግማሽ ወይም በ1 ሚሊ ግራም፣ ዶክሳዞሲንና ቴራዞሲን በ1 ሚሊ ግራም ይጀመራሉ። የመጀመሪያዋ ክኒን የምትዋጠው ማታ፣ አልጋ ላይ ልትወጡ ስትሉ ነው። መጠኑን የሚጨምረው ሐኪሙ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ግፊቱን እየለካ፣ ቀስ እያለ።

«ማታ ውሰዱ» ብሎ ማሰናበት ግን አይበቃም። እስቲ አንድ አባት በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ዕድሜያቸው ወደ 70 ይጠጋል፤ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። መድኃኒቱን የታዘዙት ግፊታቸውም ሽንታቸውም ስላስቸገራቸው ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ክኒናቸውን ዋጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሽንት ቀሰቀሳቸው። መብራቱ የሚበራው በሩ አጠገብ ካለው ማብሪያ ነው። የጋራው ሽንት ቤት ያለው ከግቢው ጥግ ነው። ፕላስቲክ ጫማቸውን በእግራቸው እየዳበሱ ፈለጉ፣ ጎንበስ ብለው አጠለቁ፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጨለመ። ከአልጋው እስከ ደፉ ሦስት እርምጃ ነው፤ ከደፉ በታች ድንጋይ አለ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ሰው ለወራት አልጋ ላይ ይቀራል፤ ጨርሶ የማይነሣም አለ። ግፊቱን ለማውረድ የተሰጠ ክኒን ሰውየውን በዚህ መንገድ ሊያሳጣን ይችላል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ለሚጀምር ሰው ሁልጊዜ የምለውን ልንገራችሁ። ፖፖ ከአልጋችሁ ሥር አድርጉ። ሽማግሌ ሰው በፖፖ መጠቀሙ ነውር የለበትም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች። ስትነቁ ወዲያው አትቁሙ። መጀመሪያ እግራችሁን አውርዳችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ተረከዛችሁንና ጣቶቻችሁን አንሡ ጣሉ፤ የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ ግድግዳ ወይም ሰው ይዛችሁ ቁሙ። ከቆማችሁ በኋላም ጥቂት ታገሡ እንጂ አትራመዱ። ካዞራችሁ መልሳችሁ ተቀመጡ፤ መቀመጫ ከሌለ መሬትም ቢሆን ተቀመጡ። አባቶች፣ ሽንታችሁንም ቁጭ ብላችሁ ሽኑ። ቤት ውስጥ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ በዚያ ሌሊት እንዲያውቅ አድርጉ።

እዚህ ላይ ለሾፌሮቻችን አንድ ቃል አለኝ። የመጀመሪያዋን ክኒን በዋጣችሁ ማግስት መሪ አትያዙ። አንድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ ይለፍ። ሐኪሙ መጠን ሲጨምርላችሁም እንዲሁ። የአንድ ቀን ገቢ መቅረቱ እንደሚያጎድል አውቃለሁ፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ዕረፍት ባላችሁበት ቀን ዋዜማ መጀመር ትችላላችሁ። ከጣሪያ ወይም ከመሰላል ላይ ለሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞችም ያው ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልለፍ። የመጀመሪያው ቀን ተመልሶ ይመጣል ብያችኋለሁ። እንዴት?

አንድ ሰው ዶክሳዞሲን 4 ሚሊ ግራም ይወስድ ነበር እንበል። ከ1 ተነሥቶ፣ ሁለት ሆኖ፣ አራት የደረሰው በብዙ ሳምንት ነው። አንድ ቀን ፋርማሲ ሲሄድ መድኃኒቱ የለም። ሌላ ቦታ ጠየቀ፣ የለም። ከለገሃር ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ፒያሳ ተመላለሰ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ከውጭ የመጣ ዘመድ አንድ ብልቃጥ ይዞለት ደረሰ። ሰውየውም ደስ ብሎት የለመደውን 4 ሚሊ ግራም ዋጠ። በእሱ ሐሳብ የቆመበት ላይ መቀጠሉ ነው። ሰውነቱ ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መድኃኒቱን ረስቶታል። ለሰውነቱ ይህ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ያውም አራት እጥፍ ሆኖ የመጣ የመጀመሪያ ቀን።

ስለዚህ ይህን አደራ ያዙልኝ፤ አልፋ ብሎከር ለጥቂት ቀናት ካቋረጣችሁ በነበረበት መጠን አትቀጥሉ። ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ፤ እንደገና ከመነሻው ትንሽ መጠን፣ እንደገና ማታ ነው የሚጀመረው። አንድ ቀን የዘነጋ ሰውም ያመለጠውን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት አይዋጥ።

በአገራችን መድኃኒት የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ገንዘብ ሲያጥረው፣ አንዳንዱ መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ አንዳንዱ «ግፊቴ ወርዷል፣ ድኛለሁ» ብሎ ያቋርጣል። ግፊት የወረደው መድኃኒቱ ስላለ ነው፤ ሲቀር ተመልሶ ይወጣል። ጠበል የገቡ ወገኖቻችንም አሉ። የኔ ምክር ጠበሉንም መድኃኒቱንም ያዙ ነው። በኤችአይቪ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አይጋጩም ብለው በአደባባይ ማስተማራቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያ ቃል ለደም ግፊት መድኃኒትም ይሠራል።

በሻንጣ ስለሚመጣ መድኃኒት ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ አደጋ ላክልበት። አንድ መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ይሸጣል። ካርዱራ ማለት ዶክሳዞሲን ነው፤ ሚኒፕሬስ ፕራዞሲን ነው፤ ሃይትሪን ቴራዞሲን ነው። ልጃችሁ ከአሜሪካ የላከችላችሁን ካርዱራና እዚህ የታዘዘላችሁን ዶክሳዞሲን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስሏችሁ ባንድ ላይ ብትውጡ፣ አንዱን መድኃኒት እጥፍ ወሰዳችሁ ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣው አንዳንዱ ደግሞ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። እሱን መስበር፣ ማድቀቅ፣ ማኘክ አይቻልም፤ የቀኑ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ማሸጊያውን ሳታስነብቡ ምንም አትዋጡ።

ቀጥሎ በዚህ ሰፈር ኑሮ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያከፉ ነገሮችን ላንሣ። ቅርባችን ካለው ፍልውሃ ልጀምር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ካሠሩበትና ከተማዪቱ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ለወገቡም ለጉልበቱም ፍልውሃ ይወርዳል። ሙቅ ውሃ ደም ሥርን ያሰፋል። አልፋ ብሎከርም ያሰፋል። ሁለቱ ሲደራረቡ፣ ገንዳ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተዘፍዝፎ የቆየ ሰው ብድግ ሲል ግፊቱ ባንዴ ይወርዳል፤ ወለሉም እርጥብ ነው፣ በሩም ተዘግቷል። መድኃኒቱን በጀመራችሁበት ወይም መጠኑ በተጨመረበት ሰሞን ፍልውሃ ይቅርባችሁ። ከለመዳችሁት በኋላም ውሃው ለብ ይበል፣ ቆይታው ይጠር፤ ስትወጡ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ አስተናጋጁም ወይም አብሯችሁ የመጣ ሰው ይወቅ።

ከዚያ ጾሙ አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የማይቀምሱ ብዙ ናቸው። ውሃ ያነሰው ሰውነት የሚዘዋወረው ደም ያንሳል። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት አብሮ ካለበት ደግሞ ይብስ ያንሳል። በዚህ ላይ የሰሙነ ሕማማት ስግደት ይጨመርበታል። ከመሬት ተነሥቶ መቆም፣ እንደገና መውደቅ፣ እንደገና መቆም። በስቅለት ዕለት በእስጢፋኖስም ሆነ በኡራኤል ዐጸድ ውስጥ በፀሐይ ሲሰግዱ ውለው የሚወድቁ እናቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም በጾም ብቻ አይደለም የሚወድቁት። አልፋ ብሎከር የምትወስዱ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ሙስሊም ወገኖቼም እንዲሁ፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት መጠኑና ሰዓቱ ከሐኪም ጋር ይስተካከል። ከኢፍጣር በኋላ ክኒኑን ውጦ ወዲያው ለተራዊሕ ረጅም ሰዓት መቆምና ከሱጁድ መነሣት ከባድ ነው።

ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ደም ሥርን ያሰፋሉና ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሄዱም። ከዚህ በላይ አልልም።

ሌላው ጥያቄ መድኃኒቱ ለማን ነው የሚገባው የሚለው ነው። ይህን ከዚህ በፊት ካልኩት ሁሉ ለይታችሁ ስሙኝ። አንድ ሰው «አልፋ ብሎከር የሚባል ጥሩ የውጭ መድኃኒት አለ፣ እሱን ይስጡኝ» ብሎ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በአካባቢዋ አንድ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። ኦልሃት ይባላል። ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ግፊት ያለባቸው ከ42 ሺህ በላይ ሰዎች ገቡበት፤ ከሦስቱ አንዱ ጥቁር ነበር። ጥያቄው የትኛው የግፊት መድኃኒት ሰውን ይበልጥ ከልብ በሽታ ያድናል የሚል ነበር። ዘጠኝ ሺህ ያህሉ ዶክሳዞሲን ተሰጣቸው። ለንጽጽር የተመረጠው ክሎርታሊዶን የሚባል የቆየ፣ ርካሽ፣ ሽንት የሚያሸና ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ የዶክሳዞሲኑ ክፍል ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱም ዶክሳዞሲን ከወሰዱት ውስጥ የልብ ድካም ያገኛቸው ክሎርታሊዶን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ሆኑ። ስትሮክም በዝቶባቸው ነበር። በሁለቱ ወገን የነበረው የግፊት ቁጥር ልዩነት ግን ጥቂት ነበር።

ከዚህ ጥናት እኔ ሁለት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ መውረዱ ብቻ በቂ አይደለም፤ በምን ወረደ የሚለውም ለልብ ልዩነት ያመጣል። ሁለተኛ፣ በጤና ጣቢያችን በጥቂት ብር የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የዚያ የክሎርታሊዶን የቅርብ ዘመድ ነው። ርካሽ ስለሆነ አትናቁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ክኒን፣ ኢናላፕሪልን ለመሰሉና አምሎዲፒንን ለመሰሉ መድኃኒቶች ነው። አልፋ ብሎከር በዚያ ረድፍ የለም።

ታዲያ ለምን ይታዘዛል? ሦስት መድኃኒት በሙሉ መጠን ወስዶ ግፊቱ አልወርድ ላለው ሰው አራተኛ ሆኖ ሊጨመር ይችላል፤ እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ በወጣ ጥናት ስፓይሮኖላክቶን በልጦት ተገኝቷል። ፕሮስቴትና ግፊት ባንድ ላይ ላሉበት ሰው ከሌላው የግፊት መድኃኒት ጋር ይሰጣል። ከኩላሊት በላይ ባለችው ዕጢ ላይ እብጠት ወጥቶ ግፊቱን እያስነሣ በላብ፣ በራስ ምታትና በልብ ምት የሚያንገላታው ሰውም አለ፤ በሽታው ብርቅ ነው፣ ለእሱ ግን አልፋ ብሎከር ከቀዶ ጥገና በፊት ዋና መድኃኒት ነው። የልብ ድካም ያለባችሁ፣ እግራችሁ የሚያብጥ፣ ሁለት ትራስ ካልደረባችሁ መተኛት የማትችሉ ወይም ከዚህ በፊት ስትነሡ የወደቃችሁ ሰዎች ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሩ መድኃኒቱን አትቀበሉ።

አሁን ሰው በኀፍረት ወይም ባለማወቅ ስለማይናገራቸው ነገሮች ጥቂት ልበል። ይህ መድኃኒት የአፍንጫን ደም ሥሮችም ስለሚያሰፋ አፍንጫ ይደፍናል። ሰውየው ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል፤ ፋርማሲ ገብቶ የጉንፋን ክኒን ይገዛል። አፍንጫ የሚከፍቱ ብዙ የጉንፋን ክኒኖች የሚሠሩት እነዚያኑ የአልፋ ተቀባዮች በመቀስቀስ ነው። እናም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠን ይጨምራል። የጉንፋን መድኃኒት ስትገዙ «ግፊት አለብኝ» ብላችሁ ጀምሩ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የወገብና የጉልበት ማስታገሻዎችም ግፊትን ያስነሣሉ።

እናቶቼ፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። ብዙ የወለደች ሴት መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ስትስቅ፣ ስታስል፣ ዕቃ ስታነሣ ሽንቷ ሊያመልጣት ይችላል። የፊኛውን አንገት ስለሚያላላው ነው። እርጅና ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከዕድርም ከማኅበርም አትቅሩ። መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይተዋችኋል። ለሐኪሙ መናገር ቢያሳፍራችሁ ለነርሷ ወይም ለፋርማሲስቷ ንገሯት።

አባቶቼና ወንድሞቼ፣ ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰዱት እንደ ቪያግራ ያሉ መድኃኒቶች ከአልፋ ብሎከር ጋር ሲገናኙ ግፊትን በድንገት ሊጥሉ ይችላሉ። ፋርማሲ ስትመጡ ሰው እንዳይሰማችሁ ዝቅ ብላችሁ ተናገሩ፤ ብቻ ተናገሩ። የምጠይቃችሁ ልከለክላችሁ ብዬ አይደለም፤ ሐኪሙ ሁለቱን በየትኛው መጠንና በምን ያህል የሰዓት ርቀት መውሰድ እንደምትችሉ ሊወስን ይችላል።

የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያላችሁ፣ በምኒልክ ሆስፒታልም ይሁን በዘመቻ፣ ለዓይን ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ» በሉት። ቀደም ሲል ወስዳችሁ የተዋችሁትም ቢሆን ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታወቀው እነዚህ መድኃኒቶች፣ ከሁሉም ይልቅ ታምሱሎሲን፣ የዓይንን ብሌን የሚያሰፋና የሚያጠብበውን ክፍል ያላሉታል፤ ቀዶ ጥገናውም ይከብዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ማቋረጡ ችግሩን አያስቀረውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እናድርግ? ብዙውን አደጋ የሚያመጣው መድኃኒት የሚሰጧችሁ ሰዎች የማይተዋወቁ ሲሆኑ ነው። የግፊት መድኃኒት ከጤና ጣቢያ፣ የፕሮስቴቱ ከሌላ ክሊኒክ፣ የወገቡ ከሰፈር ፋርማሲ። ሦስቱም የየራሳቸውን ያውቃሉ፤ ሁሉንም የሚያየው የእናንተ ሆድ ብቻ ነው። በቀጠሯችሁ ቀን የምትውጡትን ሁሉ፣ ጨርሳችሁ ባዶ የቀረውን ማሸጊያ ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት።

ግፊታችሁ ሲለካም አንድ ነገር ጠይቁ። «ቆሜም ይለኩኝ» በሉ። አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ አንዴ፣ ከዚያ ቆማችሁ ከአንድ ደቂቃና ከሦስት ደቂቃ በኋላ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መድኃኒቱ መስተካከል አለበት። ይህ መሣሪያ አይጨምርም፣ ገንዘብ አያስወጣም። በወረፋ ብዛት የሚዘለለው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሰው ፊታችሁ ተዝለፍልፎ ቢወድቅስ? የለመድነው ደግፎ ማቆም፣ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ይጎዳዋል፤ ደሙ ከጭንቅላቱ እንደራቀ ይቆያል። በወደቀበት በጀርባው አጋድሙት፣ እግሩን በትራስ ወይም በወንበር ከፍ አድርጉት፣ ቀበቶውንና ኮሌታውን አላሉለት፣ ዙሪያውን ክፈቱለት። ሳይነቃ ውሃ በአፉ አታድርጉ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃ፣ ጭንቅላቱን ከመታ፣ ደረቱን ካመመው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም አንድ ጎኑ ካልታዘዘው ጊዜ አትፍጁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ለዕድሩ አመራር አንድ ልመና አለኝ። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ይህ ትልቅ ወግ ነው። ከመዋጮው ላይ አንድ ደኅና የክንድ ግፊት መለኪያ ቢገዛና በወር አንድ ቀን በዚህ አዳራሽ ሁሉም ተቀምጦም ቆሞም ቢለካ፣ የነርስነት ሙያ ያላቸው የዕድሩ ልጆች ቢረዱ፣ እኔም በዚያ ቀን መጥቼ የፌስታሉን መድኃኒት አብሬያችሁ ለማየት ቃል እገባለሁ።

ለእናንተ ደግሞ የዛሬ ማታ ሥራ ልስጣችሁ። ቤት ስትገቡ የመድኃኒት ማስቀመጫችሁን ክፈቱ። ማንበብ የሚችል ልጅ ስሞቹን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ዞሲን ወይም ሎሲን ብሎ የሚያልቅ ስም ከሰማችሁ ማሸጊያውን ለብቻው አስቀምጡና በዚህ ሳምንት ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲስታችሁ አሳዩት። እስከዚያው ግን በራሳችሁ አታቋርጡት፣ መጠኑንም በራሳችሁ አትለውጡት።

 ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከፊት ካሉት አባቶች እንጀምር።